ዑመር ኢብኑ ሰዒድ፦ በሰሜን ካሮላይና በባርነት የኖሩት ዓሊም

በ1831 በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል በምትገኘው የሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ዕድሜያቸው 60 ዓመት ያለፈ አንድ በባርነት የተያዙ ሰው ብዕር አንስተው የሕይወት ታሪካቸውን መጻፍ ጀመሩ። የጻፉት በዐረብኛ ነው። በዙሪያቸው የነበሩት ሰዎች ጽሑፉን ማንበብ አይችሉም ነበር። ቢስሚላህ ብለው፣ በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት አውርደው ከፈቱት። ከዚያም ስለ ትውልዳቸውና ስለ ቤተሰባቸው አንድም ቃል ከመናገራቸው በፊት ሱረቱል ሙልክን ጻፉ።

እኚህ ሰው ሸይኽ ዑመር ኢብኑ ሰዒድ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በማስተማር ሥራ ላይ በነበርንበት ጊዜ ይህን ታሪክ ስንናገር ከተማሪዎች የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፦ በእስልምና ላይ ሞቱ ወይስ ሃይማኖታቸውን ቀየሩ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። እኛን ግን ሌላም ጥያቄ ያሳስበናል። ሩብ ክፍለ ዘመን የተማረ ሰው መስጂድ፣ ጀማዓና ደረሳ በሌለበት አገር ከ50 ዓመት በላይ ሲኖር ዕውቀቱ ምን ይሆናል?

ፉታ ቶሮ

ሸይኽ ዑመር የተወለዱት በ1770 ገደማ በምዕራብ አፍሪካ በፉታ ቶሮ ነው። ፉታ ቶሮ ዛሬ ሴኔጋልንና ሞሪታኒያን የሚያዋስነውን የሴኔጋል ወንዝ ተከትሎ የሚገኝ የፉላኒ ሕዝብ አገር ነው። አባታቸው ስድስት ወንዶችና አምስት ሴቶች ልጆች እንደነበሯቸው፣ ከእናታቸው የተወለዱት ደግሞ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት እንደነበሩ ጽፈዋል።

በ1776፣ ማለትም ዑመር ሕፃን ሳሉ፣ በፉታ ቶሮ ዑለማእ የመሩት ትልቅ ለውጥ ተካሄደ። ዐብዱልቃዲር ካን የተባሉ ዓሊም አልማሚ ተብለው አገሪቱን መምራት ጀመሩ። አልማሚ የሚለው ማዕረግ አል-ኢማም ከሚለው ቃል የመጣ ነው። እኚህ መሪ ሙስሊሞች ለአውሮፓውያን የባሪያ ነጋዴዎች እንዳይሸጡ በመከላከል ይታወቃሉ። ዑመር ያደጉት እንግዲህ ዕውቀት ክብር በነበረው፣ መሪው ራሱ ዓሊም በሆነበት አገር ነው።

የትምህርቱ መንገድ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በወሎ ቂርአት ቤቶች ያለፈ ሁሉ ሉህን ያውቃል። በምዕራብ አፍሪካም ልጁ የዕለቱን አንቀጽ በእንጨት ሉህ ላይ ይጽፋል፣ እስኪይዘው ይደጋግመዋል፣ ከዚያ አጥቦ ቀጣዩን ይጽፋል። ቁርኣንን ካኸተመ በኋላ ወደ ዐረብኛ ሰዋስውና ወደ ማሊኪ መዝሀብ ፊቅህ ይሻገራል። ሸይኽ ዑመር የሦስት አስተማሪዎቻቸውን ስም መዝግበውልናል፦ ወንድማቸው ሸይኽ ሙሐመድ ሰዒድ፣ ሸይኽ ሱለይማን ኩምባና ሸይኽ ጂብሪል ዐብዳል። በጠቅላላው 25 ዓመት ተማሩ። ከዚያም ወደ ቀያቸው ተመልሰው ስድስት ዓመት ኖሩ።

የዚያን ዘመን ኑሯቸውን ሲያስታውሱ ስለ ሀብትና ስለ ማዕረግ አልጻፉም። ጎሕ ሳይቀድ ወደ መስጂድ መሄዳቸውን፣ ፊታቸውን፣ እጆቻቸውን፣ ራሳቸውንና እግሮቻቸውን ለዉዱእ መታጠባቸውን፣ አምስቱን ወቅት መስገዳቸውን ጻፉ። ከወርቅና ከብር፣ ከእህልና ከከብት ዘካ ያወጡ እንደነበርም ቆጥረው አስቀመጡ።

1807

በ1807 ትልቅ ጦር መጣ። ብዙ ሰው ገደለ። ሸይኽ ዑመርን ማርኮ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወሰዳቸውና ለነጭ ነጋዴዎች ሸጣቸው። ዕድሜያቸው 37 ነበር። አልማሚ ዐብዱልቃዲር ካንም የተገደሉት በዚሁ ዓመት ነው።

ታስረው በመርከብ ተጫኑ፤ አንድ ወር ተኩል በባሕር ላይ ቆይተው በደቡብ ካሮላይና ወደምትገኘው የቻርልስተን ወደብ ደረሱ። ጊዜውን ማስተዋል ያስፈልጋል። የአሜሪካ ምክር ቤት ከ1808 መጀመሪያ አንስቶ ባሪያዎችን ከውጭ ማስገባት የሚከለክል ሕግ አውጥቶ ነበር። ነጋዴዎቹ በሩ ሳይዘጋ ለመሸጥ ተሽቀዳደሙ፤ በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት ብቻ በቻርልስተን በኩል ወደ 40,000 የሚጠጉ አፍሪካውያን ገቡ። ሸይኽ ዑመር ጥቂት ወራት ቢዘገዩ ኖሮ ያ ሕጋዊ ገበያ ተዘግቶ ይጠብቃቸው ነበር። የአላህ ቀደር ግን በዚያ በኩል አሳለፋቸው።

የገዛቸው ጆንሰን የሚባል ሰው ነው። ሸይኽ ዑመር ይህን ሰው አላህን የማይፈራ ክፉ አድርገው ገልጸውታል። እሳቸው ሰውነታቸው ትንሽ ነው፤ እድሜያቸውን በኪታብ ላይ ያሳለፉ ናቸው፤ የእርሻውን ከባድ ሥራ የሚችል ጉልበት አልነበራቸውም። ስለዚህ ጠፉ።

በማያውቁት አገር፣ ቋንቋውን ሳይችሉ፣ አንድ ወር ያህል ወደ ሰሜን ተጉዘው ፋየትቪል ወደተባለች የሰሜን ካሮላይና ከተማ አካባቢ ደረሱ። ጊዜው 1810 ነበር። እዚያ ቤቶች አዩና ለመስገድ ወደ አንዱ ገቡ። አንድ ልጅ በፈረስ ሲያልፍ አያቸው፤ ለአባቱም ነገረ። ብዙም ሳይቆይ ፈረሰኞች ውሾች አስከትለው መጡና ያዟቸው። ከሽሽት ተደብቀው መቆየት የሚችሉ ሰው የተያዙት ሶላት ለመስገድ ሲገቡ ነው። እሳቸው ይህን ሲጽፉ ምንም አላጋነኑትም፤ ልክ እንደ ማንኛውም ነገር ጠቅሰውት አልፈዋል።

በእስር ቤቱ ግድግዳ ላይ

በፋየትቪል እስር ቤት 16 ቀን ቆዩ። በዘመኑ የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት፣ ሸይኽ ዑመር ከምድጃ ያገኙትን ከሰል ይዘው በክፍሉ ግድግዳ ላይ በዐረብኛ መጻፍ ጀመሩ። ወረቀት አልነበረም፤ ግድግዳው ሉህ ሆነላቸው። ወሬው በከተማው ተሰማ፤ ሰው እየመጣ ያይ ጀመር። ባሪያ ማንበብና መጻፍ አይችልም ብሎ ያደገ ሕዝብ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄድ ውብ ጽሕፈት ከአንድ አፍሪካዊ እጅ ሲወጣ አየ።

በመጨረሻ ጄምስ ኦዌን የተባለ፣ በብላደን ካውንቲ በኬፕ ፊር ወንዝ አጠገብ ሰፊ እርሻ ያለው ሰው ገዛቸው። ወንድሙ ጆን ኦዌን ከ1828 እስከ 1830 የግዛቲቱ ገዥ ነበር። ሸይኽ ዑመር ቀሪ ሕይወታቸውን ያሳለፉት በዚህ ቤተሰብ እጅ ነው። ከባድ የመስክ ሥራ አላሠሯቸውም። የኦዌን ቤተሰብ እንዳልደበደባቸው፣ እንዳላስራባቸው፣ እንዳላራቆታቸውም ጽፈዋል።

ይህን ስናነብ ግን ግዛቲቱ ምን ዓይነት እንደነበረች መዘንጋት የለብንም። የኬፕ ፊር አካባቢ በጥድ ደን የተሸፈነ ነበር። ከጥዱ ሙጫና ሬንጅ ይወጣ ነበር፤ ለመርከብ ሥራ ከዊልሚንግተን ወደብ ወደ ዓለም ይላክ ነበር። ዛሬም የግዛቲቱ ሰው የሚጠራበት ታር ሂል፣ ማለትም ሬንጅ የነካው ተረከዝ የሚለው ቅጽል ስም የመጣው ከዚህ ሥራ ጋር ተያይዞ ነው። ጥዱን የሚያደማው፣ ሬንጁን የሚያነደው አብዛኛው ክንድ በባርነት የተያዘ ሰው ክንድ ነበር። በ1860 ቆጠራ ከግዛቲቱ 992,000 ያህል ነዋሪ ውስጥ 331,000 የሚሆነው በባርነት ላይ ነበር፤ ከሦስት አንዱ ማለት ነው። የአንድ ጌታ ቤት ለአንድ ሰው ለስላሳ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ደግሞም ስለ ደግ ጌታቸው የጻፉት ባሪያ፣ ጽሑፋቸው በጌታቸው ወዳጆች እጅ እንደሚገባ ያውቁ ነበር።

ማንበብ ወንጀል ሲሆን

በ1829 ዴቪድ ዎከር የተባለ፣ በዚችው ግዛት በዊልሚንግተን የተወለደ ነፃ ጥቁር፣ ባርነትን አጥብቆ የሚያወግዝ መጽሐፍ በቦስተን አሳተመ። መጽሐፉ በድብቅ ወደ ደቡብ ገባ። ባለ እርሻዎቹ ደነገጡ። በ1830 መጨረሻ በተሰበሰበው የግዛቲቱ ሕግ አውጭ ምክር ቤት ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማር የሚከለክል ሕግ ወጣ። ቁጥር ማስተማር ብቻ ተፈቀደ፤ ቁጥር ለሥራ ይጠቅማልና። ያስተማረ ነጭ ከ100 እስከ 200 ዶላር ይቀጣል ወይም ይታሰራል። ነፃ ጥቁር ከሆነ ከ20 እስከ 39 ጅራፍ ሊገረፍ ይችላል። ባሪያ ባሪያን ቢያስተምር 39 ጅራፍ በባዶ ጀርባው ላይ ይወርድበታል።

በ1831 ነሐሴ ወር ደግሞ በአጎራባቿ ቨርጂኒያ፣ ማንበብ የሚችለው ናት ተርነር የመራው የባሪያዎች አመፅ ተነሳ። ከ50 በላይ ነጮች ተገደሉ፤ በበቀል የተገደሉት ጥቁሮች ግን ከዚያ በብዙ ይበልጣሉ። ፍርሃቱ ሰሜን ካሮላይናንም አዳረሰ።

ሸይኽ ዑመር የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉት በዚህ ዓመት ነው። ማንበብ የሚያስገርፍ በሆነበት ግዛት ውስጥ እሳቸው እንዲጽፉ የተፈቀደላቸው ለምንድን ነው? አንደኛ፣ ጽሑፋቸውን ማንም አያነበውም ነበር። ሁለተኛ፣ ለነጮቹ እሳቸው አስገራሚ ትርኢት ነበሩ። ጋዜጦች አንዴ ልዑል፣ አንዴ ዐረብ እያሉ ጽፈውባቸዋል። አፍሪካዊ ዓሊም መሆናቸውን መቀበል ከባድ ነበር። አፍሪካውያን ዕውቀት የላቸውምና ባርነት ይገባቸዋል የሚለው የዘመኑ ክርክር በአንድ ሰው ብዕር ይፈርስ ነበርና።

ሱረቱል ሙልክ

የሕይወት ታሪኩ 15 ገጽ ብቻ ነው። ሸይኽ ዑመር በውስጡ ይቅርታ ይጠይቃሉ። የአገራቸውን ቋንቋም ሆነ ዐረብኛን ብዙውን እንደረሱ፣ ሰዋስዉም እንደጠፋባቸው ገልጸው፣ አንባቢው እንዳይወቅሳቸው ይለምናሉ። አንድ ዓሊም ይህን ሲጽፉ ምን እንደተሰማቸው ያስተማረ ሁሉ ሊገምት ይችላል። የእጃቸው ብቸኛ ሀብት እየተንጠባጠበ ማለቁን እያዩ ነው።

ግን ልብ እንበል። ሰዋስው ጠፍቷል፣ ቃላት ጠፍተዋል፤ ባለ 30 አንቀጹ ሱረቱል ሙልክ ግን አለ። ከጥቂት ግድፈት በስተቀር በቃላቸው ጽፈውታል። የሒፍዝ ሰዎች የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቁርኣንን ከታሰረ ግመል ጋር አመሳስለውታል፤ ካልጠበቁት ያመልጣል። እኛ በረመዳን የያዝነውን ሱራ እስከ ዐረፋ ድረስ ሳንደግመው ብንቆይ ግማሹ እንደሚጠፋ እናውቃለን። ሸይኽ ዑመር ይህን የጻፉት አገራቸውን ከለቀቁ ከ24 ዓመት በኋላ ነው። የሚያስደምጣቸው ሸይኽ፣ ስህተታቸውን የሚያርም ጓደኛ አልነበረም። ታዲያ ሱራው እንዴት ቀረ? ለእኛ የሚታየን መልስ አንድ ነው፤ ሲደግሙት ኖረዋል። ሙልክ ሙስሊም ከመተኛቱ በፊት እንዲቀራው የተወደደለት ሱራ ነው። በጥድ ደኑ መሐል በሌሊት ማንም ሳይሰማቸው እየቀሩት እንደኖሩ ወረቀቱ ይመሰክራል።

የሱራው መልእክትም ከቦታው ጋር ይናገራል። ሙልክ ባለቤትነትና ሥልጣን ማለት ነው። በዐረብኛ ባሪያ መምሉክ ይባላል፣ በሌላ ሰው ይዞታ ሥር ያለ ማለት ነው፤ ቃሉ ከዚያው ሥር የተገኘ ነው። ሱራው የሚጀምረው ባለቤትነት ሁሉ በአላህ እጅ መሆኑን በማወጅ ነው። ባለቤት አለህ የተባሉ ሰው ታሪካቸውን በዚህ ከፈቱት።

እስልምናቸውን ተዉ?

አሁን ወደ ተማሪዎቻችን ጥያቄ እንመለስ። እውነቱን ሳንሸሽግ እናስቀምጠው።

ሸይኽ ዑመር በ1821 ገደማ በፋየትቪል የፕሪስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ተጠምቀዋል። በሕይወት ታሪካቸው ውስጥም ቀድሞ በሱረቱል ፋቲሓ ይጸልዩ እንደነበር፣ አሁን ግን በክርስቲያኖች ጸሎት እንደሚጸልዩ ጽፈዋል። የዐረብኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበራቸው፤ ዛሬ በዚያው ግዛት በዴቪድሰን ኮሌጅ ይገኛል። ይህ አንደኛው ወገን ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ፣ በዚያ መጽሐፍ ላይ በእጃቸው ለአላህ ምስጋና ጽፈውበታል። ከጽሑፎቻቸው ሁሉ ቀዳሚው፣ በ1819 የተጻፈው፣ የቁርኣን አንቀጾችን የያዘና ወደ አፍሪካ የመመለስ ፍላጎታቸውን የሚገልጽ ነው። ከመጠመቃቸው አሥር ዓመት በኋላ የሕይወት ታሪካቸውን በቢስሚላህ፣ በሶለዋትና በሙልክ ጀመሩ። ከሁሉም የሚያስደንቀው በ1857፣ ወደ 87 ዓመታቸው ላይ ሳሉ የጻፉት ነው። በወረቀቱ ጀርባ ላይ ሌላ ሰው በእንግሊዝኛ ይህ የክርስቲያኖች ዋና ጸሎት ነው፣ ጸሐፊውም ጽኑ ክርስቲያን ነው የሚል ማስታወሻ አስፍሯል። ወረቀቱ ላይ ያለው ዐረብኛ ግን ሱረቱ ነስር ነው፤ ሰዎች በጭፍራ ወደ አላህ ዲን ሲገቡ ስለማየት የሚናገረው ሱራ። ማስታወሻውን የጻፈው ሰው ማንበብ አልቻለም። ሸይኽ ዑመር ግን ምን እንደጻፉ ያውቁ ነበር።

ከሶሐቦች መካከል ዐማር ኢብኑ ያሲር (ረ.ዐ) ወላጆቻቸው ከተገደሉ በኋላ በስቃይ ብዛት ሙሽሪኮች የፈለጉትን ቃል ተናገሩ። እያለቀሱ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጡ። ነቢዩ የጠየቋቸው ስለ ልባቸው ነበር፤ ልባቸው በኢማን የረጋ መሆኑን ነገሯቸው። የሱረቱ ነሕል 106ኛ አንቀጽም ተገዶ የተናገረን ሰው ከወቀሳ አወጣው። ሸይኽ ዑመር በኦዌን ቤት በጅራፍ አልተገደዱ ይሆናል። ነገር ግን አካሉ፣ እንጀራውና እንቅልፉ የሌላ ሰው ንብረት የሆነ ሰው ምርጫ ነበረው ማለት አንችልም። ስለዚህ ከሁለት ነገር እንቆጠባለን፦ በኩፍር ከመፍረድና የሌለ ገድል ከመፍጠር። በልብ ያለውን የሚያውቀው አላህ ነው። እኛ የምናየው የብዕራቸውን ፍለጋ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ደጋግሞ ወደ ቁርኣን ይመለሳል።

የወረቀቱ ጉዞ

ሸይኽ ዑመር በ1864፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ መሐል፣ በብላደን ካውንቲ አረፉ። ዕድሜያቸው ከ90 በላይ ነበር። ባርነት በመላ አገሪቱ በሕገ መንግሥት የተሻረው በ1865 ታኅሣሥ ነው። ነፃነቱን ሳያዩት ሄዱ።

ወረቀታቸው ግን ተጓዘ። በ1836 በኒውዮርክ ላሚን ኬቤ ለተባለ ሰው ተላከ። ላሚንም ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ፣ በአገሩ አስተማሪ የነበረና ከባርነት ነፃ የወጣ ሙስሊም ነበር። ይህ ለእኛ ልብ የሚነካ ነው። ከዓመታት በኋላ ጽሑፉ በመጨረሻ ሊያነበው በሚችል ሰው እጅ ገባ፤ ያም ሰው አስተማሪ ነበር። ከላሚን ወደ ቴዎዶር ድዋይት ተላለፈ፤ በ1848 ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ፤ በ1925 በአሜሪካ የታሪክ መጽሔት ታተመ። ከዚያ ዋናው ቅጂ ጠፋ። በ1995 በቨርጂኒያ በአሮጌ ሣጥን ውስጥ ተገኘ። በ2017 የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ገዛው፤ በ2019 ማንም በኢንተርኔት እንዲያየው ይፋ አደረገው።

በአሜሪካ በባርነት ላይ በነበረ ሰው በዐረብኛ ተጽፎ እስከ ዛሬ የቆየ የሚታወቅ ብቸኛ የሕይወት ታሪክ ይህ ነው። በዘመኑ የብዙ ባሪያዎች ታሪክ ወደ ሕዝብ የወጣው በነጭ አርታኢ እጅ አልፎ ነበር። ይህን ግን ጌቶቹ ሊያነቡት ስለማይችሉ ሊያርሙትም አልቻሉም።

ለእኛ

ዛሬ ሸይኽ ዑመር በተያዙባት በፋየትቪል ከተማ በስማቸው የተሰየመ መስጂድ አለ፤ ሶላት ለመስገድ በመግባታቸው በተያዙበት አካባቢ ዛሬ አምስት ጊዜ ሶላት ይሰገዳል። ግዛቲቱም ስማቸውን የያዘ የታሪክ መታሰቢያ ሰሌዳ አቁማለች።

ከአገራችን ሰዎችም ብዙዎች በእነዚያ ደቡባዊ ግዛቶች ይኖራሉ፤ ልጆች ያሳድጋሉ። እንደ ሸይኽ ዑመር አልተገደዱም፤ መስጂድ አላቸው፣ ኡስታዝ አላቸው፣ ቁርኣን በስልካቸው ውስጥ አለ። ሆኖም ዕውቀት በርቀትና በጊዜ ብዛት እንዴት እንደሚሸረሸር ከእሳቸው ይቅርታ መረዳት ይቻላል። ያቆየላቸው ነገር ሌሊት ሌሊት የሚደገም ቂርአት ነበር። ያደረሰልን ነገር ደግሞ ወረቀት ነው።

እዚህ አገርም ዕድሜያቸውን ሙሉ ኪታብ ያስቀሩ ሸይኾች የራሳቸውን ታሪክ ሳይጽፉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው እያለፉ ነው። ሸይኽ ዑመር ባሪያ ሆነው 15 ገጽ ተዉልን። በአቅራቢያችን ያሉ ሸይኽ ዘንድ ደብተርና ብዕር ይዘን ብንሄድ፣ ስማቸውን፣ አስተማሪዎቻቸውንና የቀሩበትን ቦታ ብቻ እንኳ ብንመዘግብ፣ ለሚቀጥለው ትውልድ የሚበቃ ሥራ ነው።

አላህ ለሸይኽ ዑመር ይዘንላቸው። ወላሁ አዕለም።